ጎመን ዘራችን በየትኛው ሚዛን ይመዘን?

ይህ ነገር አንድ ቦታ ይቋጭልን ማለት ከጀመርን ሰነበትን፤ ሰሚ አላገኘንም። አውሮፕላን ከዕፅዋት ዘይት፣ ከተረፈ ምርት ወይም ከታዳሽ ኤሌክትሪክ በተሠራ ነዳጅ ይብረር፣ ወደ አየር የሚለቀቀው ካርቦንም ይቀንስ ሲባል የተቃወመ የለም። በልግ ሲከዳ፣ ክረምት ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ሲወጣ ያየን ሰዎች የአየር ንብረት ለውጥን በወሬ አይደለም የምናውቀው። ልባችንን ያወለቀው ሌላ ነው። ዘላቂ ነዳጅ የትኛው ነው የሚለውን የሚወስኑት ወገኖች እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። ሞንትሪያል አንድ ትላለች፣ ብራስልስ ሌላ፣ ዋሽንግተን ደግሞ ሌላ። ባለመስማማታቸው የሚመጣው ወጪ፣ ወረቀትና መመላለስ ግን የሚወድቀው ገና አንድ ሊትር እንኳ ባልሸጠ አምራች ጫንቃ ላይ ነው።

በአንድ ተክል ላሳይ፤ በጎመን ዘር።

ጎመን ዘርን የማያውቅ ደገኛ የለም። ለጋው ቅጠሉ ተቀንጥሶ ይቀቀላል፤ የቀረው አብቦ ፍሬ ይይዛል። እናቶቻችን ፍሬውን ቆላ አድርገው ይደቁሱትና ለምጣድ ማሰሻ ያደርጉታል። በጋለው ምጣድ ላይ ነስነስ ተደርጎ በጨርቅ ሲታሽ ዘይቱ ይወጣል፣ ምጣዱ ይወዛል፣ የመጀመሪያው እንጀራም ሳይጣበቅ ይነሳል። ሆድ ሲቆርጥ ደግሞ ተበጥብጦ ይጠጣል። ሳይንሱ ብራሲካ ካሪናታ ይለዋል፤ የትውልድ ስፍራው የኢትዮጵያ ደጋ ነው። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ለአሥርት ዓመታት ሲያሻሽሉት ኖረዋል፤ የሎ ዶዶላ የተባለው ዝርያ የእነሱ የድካም ፍሬ ነው።

ይኸው የምጣድ ማሰሻ ዛሬ አውሮፕላን ያበርራል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2012 የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ፋልከን 20 የተባለችውን ጄት፣ ጠብታ ኬሮሲን ሳይቀላቀልበት ከጎመን ዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ ብቻ አበረራት። አንድ ሲቪል ጄት መቶ በመቶ በባዮነዳጅ ሲበር ያ የመጀመሪያው ነበር። በጃንዋሪ 2018 ደግሞ የአውስትራሊያው ኳንታስ ከሎስ አንጀለስ እስከ ሜልበርን ባደረገው በረራ 10 በመቶ ያህሉን ነዳጅ ከዚሁ ዘር አገኘ። የጎመን ዘር ዘይት ኢሩሲክ አሲድ ስለሚበዛበት በምግብ ዘይትነቱ ይነቀፋል፤ ለነዳጅ ግን ይኸው ባሕርይው ተፈላጊ አደረገው። አሁን በኡራጓይ፣ በአርጀንቲናና በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ በብርዱ ወራት ማሳው ባዶውን ከሚያድር ተብሎ ይዘራል፤ የኡራጓዩ ፍሬ በመርከብ ተጭኖ ፈረንሳይ ድረስ ይሄዳል። እኛ የዘሩ ባለቤቶች የበይ ተመልካች ሆነን ቀርተናል። ለምን ቀራችሁ ቢሉን ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ምርታማነታችን፣ መንገዳችን፣ የዘይት መጭመቂያችን አቅም ሁሉ ይነሳል። እነዚህ የራሳችን ጉድለቶች ናቸው፤ በራሳችን ጥረት ሊስተካከሉ ይችላሉ። የማናስተካክለውና ከእጃችን ውጪ የሆነው የደንቡ መዘበራረቅ ነው።

ከሞንትሪያል እንጀምር። መቀመጫውን እዚያ ያደረገው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ኮርሲያ የተባለውን የካርቦን ሥርዓት አጽድቋል። በዚህ ሥርዓት ተራው የጄት ነዳጅ ከጉድጓድ እስከ ሞተር ተቆጥሮ በአንድ ሜጋጁል ኃይል 89 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚለቅ ይያዛል። አንድ ነዳጅ ብቁ ለመባል ከዚህ ቢያንስ 10 በመቶ መቀነስ አለበት። ለጎመን ዘር ሰንጠረዡ የሰጠው ቁጥር በሁለት ተከፍሎ የሚታይ ነው። እርሻው፣ ማጓጓዣውና ማጣሪያው ተደምሮ 34.4 ግራም ይሆናል። ቀጥሎ የመሬት አጠቃቀም ለውጥ የሚባለው ሒሳብ ይመጣል። ጎመን ዘሩ ሌላ ሰብል ሳያፈናቅል በሁለተኛ ሰብልነት ከተዘራ አፈሩን ይሸፍናል፣ ካርቦን ይጨምርለታል፣ ፋጉሎውም መኖ ሆኖ ሌላ መሬት ያድናል። ስለዚህ ይህ ሒሳብ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ለአሜሪካ 21.4፣ ለብራዚል 20.4 ይቀነሳል። ኢትዮጵያ በስሟ የለችም፤ እንደኛ ያለው አገር ሁሉ «ዓለም አቀፍ» በሚል አንድ ረድፍ ተጠቅልሎ 12.7 ብቻ ይቀነስለታል። ይሁን፣ እሱም አይከፋም። 34.4 ሲቀነስ 12.7፣ 21.7 ነው። ከኬሮሲን በ76 በመቶ ገደማ ያነሰ ማለት ነው። ደስ ይላል፤ የት አባቱ፣ እንዝራ ያሰኛል።

ይኸንኑ ዘይት ይዘን ብራስልስ እንሂድ። የአውሮፓ ኅብረት የታዳሽ ኃይል መመሪያ ማነጻጸሪያው 94 ግራም ነው፤ 89 አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ሥራ የጀመረ ፋብሪካ ያመረተው ባዮነዳጅ ከዚያ ቢያንስ 65 በመቶ መቀነስ ይጠበቅበታል። ሞንትሪያል የቀነሰችልንን የ12.7 ግራም ሒሳብ ብራስልስ በስሌቷ ውስጥ አታስገባውም። ስለዚህ በ34.4 እንቀራለን። ከ94 ጋር ሲነጻጸር የ63.4 በመቶ ቅነሳ ነው። ወደቀ! ያው ማሳ፣ ያው ዘር፣ ያው መርከብ፤ አትላንቲክን ሲሻገር 76 የነበረው 63 ሆነ። በእርግጥ የሁለቱ ስሌት በዝርዝሩም ይለያያል፣ ብራስልስ የራስን ልኬት ማቅረብ ትፈቅዳለች፣ የአፈር ካርቦን መጨመሩን በናሙና ያረጋገጠም ተጨማሪ ያገኛል። ናሙናውን የሚወስደው ማን ነው? ቤተ ሙከራውን የሚከፍለውስ? ባለ ግማሽ ሄክታሩ ገበሬ ነው?

ከቁጥሩ በላይ የሚያስቸግረው ሐረጉ ነው። ብራስልስ በ2024 ባሻሻለችው ዝርዝር መካከለኛ ሰብል የምትለውን ለአውሮፕላን ነዳጅ ተቀብላለች። መስፈርቱ የዕድገት ወቅቱ አጭር በመሆኑ የምግብና የመኖ ምርት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ በሚሰበሰብበት ቦታ የተዘራ ይሁን ይላል። ተጨማሪ መሬት እንዳይጠይቅና በአፈሩ ውስጥ ያለው ብስባሽ እንዳይቀንስም ያዝዛል። ይህን የጻፈው ሰው በዓይነ ሕሊናው ያየው በረዶ የሚሸፍነውን ማሳ እንደሆነ ግልጽ ነው። እኛ ዘንድ የዕድገት ወቅትን የሚወስነው ዝናብ ነው። የአርሲና የባሌ ሰው በልግም መኸርም ያመርታል፤ የጎጃሙ ጥቁር አፈር ክረምቱን ውኃ ተኝቶበት ከርሞ በመስከረም በቀረችው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራበታል። በዚያች እርጥበት ጎመን ዘር ቢዘራ መካከለኛ ሰብል ነው ወይስ የሽምብራን ቦታ የነጠቀ? ያገሩ ገበሬ መልሱን በማሳ በማሳ ያውቀዋል። ለምስክር ወረቀቱ የሚመጣው መርማሪ ግን በገበሬው ዕውቀት አይፈርድም፤ ሰነድ ይፈልጋል። ሰነዱ ደግሞ ስለ እርጥበት የሚለው ነገር የለም።

ሎንዶንም የራሷን መንገድ ይዛለች። የእንግሊዝ ደንብ በ2025 ሥራ ላይ ሲውል ማነጻጸሪያውን 89፣ ቅነሳውን ቢያንስ 40 በመቶ አድርጎታል፤ ለነዳጅ ተብሎ የተዘራን ሰብል ግን አይቀበልም፣ የሚፈልገው ቆሻሻና ተረፈ ምርት ነው። ስለዚህ ሎንዶን ላይ ስንት ግራም ነው የሚለው ጥያቄ ከመነሳቱ በፊት በሩ ተዘግቷል።

ዋሽንግተን ከሁሉም የባሰች ናት። እዚያ እስከ 2024 ድረስ ለአውሮፕላን ነዳጅ የሚሰጠው የግብር ማበረታቻ 50 በመቶ ቅነሳ ይጠይቅ ነበር። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ነገሩን ለወጠው፤ ከ2026 ጀምሮ ማበረታቻውን የሚያገኘው ጥሬ ዕቃው ከአሜሪካ፣ ከካናዳ ወይም ከሜክሲኮ የመጣ ነዳጅ ብቻ ነው። አሜሪካ፣ ጆርጂያ የበቀለ ጎመን ዘር ይቆጠራል፤ አርሲ የበቀለው፣ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ አይቆጠርም። ካርቦኑ የት አገር እንደተለቀቀ ለከባቢ አየሩ ለውጥ አያመጣም፤ ለሕጉ ግን አመጣ። ያው ሕግ የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ሒሳብንም ከስሌቱ አውጥቶታል። የዚህን ትርጉም ለማየት በቆሎን መመልከት ይበቃል። በሞንትሪያል ሰንጠረዥ ከአሜሪካ በቆሎ ኤታኖል የሚሠራው የጄት ነዳጅ በአንዱ የአሠራር መንገድ 65.7 ግራም ይለቅቃል፤ የመሬቱ ሒሳብ 25.1 ሲጨመርበት 90.8 ይሆናል። ከራሱ ከኬሮሲኑ የባሰ ማለት ነው። የመሬቱ ሒሳብ ሲፋቅ ግን በቆሎው በአንድ ሌሊት ንጹሕ ይሆናል። ማሳው ላይ አንዲት ቅጠል አልተለወጠችም፤ የተለወጠው የተቆጠረበት ሚዛን ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዞ ገበሬው ዘንድ የሚሄድ ሰው አለ። ከገበሬ ማኅበራት ጋር የምንሠራ ሁሉ በየተራችን ያ ሰው ሆነናል። በእጃችን የያዝነው ቅጽ መጀመሪያ የሚጠይቀው መሬቱ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ምን እንደነበር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ደን ወይም ረግረግ ተመንጥሮ የታረሰ ከሆነ አይገባም። ደንቡ ተገቢ ነው፤ በዚህ ቀን ሞንትሪያልም ብራስልስም መስማማታቸው ያስመሰግናቸዋል። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው።

«አባቴ፣ በ2000 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ይህ ማሳ ምን ነበር?»

«የሚሌኒየሙ ጊዜ? ገብስ ነበር ልጄ፣ ገብስ አንስተንበት ነበር።»

ባለቤታቸው ከማጀት ሆነው ይሰማሉ። «ኧረ ባቄላ ነው! የዚያን ዓመት ገብሱ የታችኛው ማሳ ላይ ነበር፤ ረሳኸው?»

ገብስም ይሁን ባቄላ መሬቱ የታረሰ እንደነበር ሁለቱም መሰከሩ፤ ለሕጉ መንፈስ ይህ ይበቃል። ለቅጹ ግን አይበቃም። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራቸውን ከሣጥን አውጥተው፣ ከላስቲኩ ፈትተው ያሳያሉ። ደብተሩ ስፋቱንና አዋሳኙን ይናገራል፤ ምን ተዘርቶ እንደነበር አይናገርም። ስለዚህ የሳተላይት ምስል ይፈለጋል፣ የማሳው ጠርዝ በጂፒኤስ ተዙሮ ይለካል። ዙረን ለካን። ሌላኛው ገዢ የሚያሠራበት ሥርዓት ደግሞ ያንኑ ማሳ በሌላ ዓይነት ፋይል፣ ከሌሎች ጥያቄዎች ጋር ይፈልገዋል። እንደገና እንዙር?

ማዳበሪያው ሌላ ጣጣ ነው። ገበሬው የሚያውቀው ከኅብረት ሥራው ስንት ኩንታል ዩሪያና ኤንፒኤስ እንደወሰደ ነው፤ ለስንዴውም፣ ለገብሱም፣ ለጎመን ዘሩም ከዚያው እየዘገነ ይበትናል። ቅጹ የሚለው በሄክታር ስንት ኪሎ ናይትሮጅን ነው፤ ለዚያች ማሳ ብቻ፣ ለዚያ ዓመት ብቻ። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን እንዳለው ማስላት ቀላል ነው። ከዚያ ኩንታል ስንት እፍኝ የትኛው ጥማድ ላይ እንደወደቀ ለማወቅ ግን ገበሬውን እንዲገምት ማስገደድ ነው። ግምት ደግሞ ሐሰት የመጻፍ መጀመሪያ ነው። ጥያቄውን አልነቅፈውም፤ ከማዳበሪያ የሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የከበደ ጋዝ ነውና መቆጠር አለበት። የምነቅፈው አንዱን መልስ ሁሉም እንዲቀበለው አለመደረጉን፣ ትንንሽ ማሳ ላለው አገርም የተጠና አማካይ ቁጥር አለመዘጋጀቱን ነው። ሁለት ሺህ ሄክታር በአንድ ስም የያዘ እርሻ ይህን ሁሉ በአንድ ሠራተኛና በአንድ ኮምፒዩተር ይጨርሰዋል። በሁለት ሺህ ቤተሰብ ለተከፈለ ሁለት ሺህ ሄክታር ያው ደንብ ሁለት ሺህ ጊዜ ይባዛል። ደንቡ በቃሉ ለሁሉም እኩል ነው፤ በክብደቱ ግን አይደለም።

ጥብቅነቱን ንቀን የምንናገር እንዳይመስል አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ሆዱ ያልሞላ አገር ለነዳጅ ሲዘራ መጠንቀቅ አለበት፤ ይህ ስጋት ከብራስልስ በፊት የእኛ ነው። በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. ግድም ጃትሮፋና ጉሎ ወርቅ ነው ተብሎ ባለሀብት ሲጎርፍ አይተናል። በምሥራቅ ሐረርጌ ለባዮነዳጅ የተሰጠ መሬት ከባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ጋር እስከ መደራረብ ደርሶ ነበር። ውል ተፈራረሙ የተባሉ ገበሬዎችም ገዢው ሲጠፋባቸው ጉሎውን ይዘው ቀርተዋል። ያን ጊዜ ጥብቅ ደንብ ቢኖር ኖሮ እንጠቀም ነበር። ስለዚህ የምንለው ደንቡ ይላላ አይደለም። ይጥበቅ፤ አንድ ይሁን እንጂ።

የተለያየ መሆኑ ራሱ አጭበርባሪን ይጠቅማልና። ያገለገለ የምግብ ዘይትን ተመልከቱ። የአውሮፓ ደንብ ይህ ዘይት ቆሻሻ ነው ብሎ ለአገሮች የታዳሽ ኃይል ድርሻ እጥፍ እንዲቆጠር ፈቀደ። ወዲያው ያገለገለው ዘይት ዋጋ ካላገለገለው እስከ መብለጥ ደረሰ። ንጹሑን የፓልም ዘይት ያገለገለ ነው ብሎ የመሸጥ ጥርጣሬም ተከተለ፤ በ2023 ከእስያ በሚገባው ባዮዲዝል ላይ በአውሮፓ ምርመራ እስከ መክፈት ተደረሰ። ወረቀቱን አሟልቶ የሚያጭበረብር ያልፋል፤ እውነቱን ይዞ ወረቀት ያላሟላ ይወድቃል። አንድ የጋራ መዝገብ ቢኖር፣ አንዱ ጋ የተሸጠው ሊትር ሌላው ጋ እንደገና እንዳይቆጠር የሚያደርግ የጋራ ዓይን ቢኖር፣ ይህ ሁሉ ቢያንስ በጠበበ ነበር።

መስማማት አይቻልም እንዳይሉን! ተስማምተው ያሳዩበት ጉዳይ እዚሁ ነዳጅ ውስጥ አለ። ጄት ኤ-ዋን የሚባለው ነዳጅ ቦሌም ተቀዳ ፍራንክፈርት ያው ነው፤ የሚቀዘቅዝበት፣ የሚነድበት፣ የሚፈስበት ልክ በደንብ ተጽፏል። ከዕፅዋት ዘይት የሚሠራው ነዳጅም ኤኤስቲኤም ዲ7566 በተባለው የጥራት ደረጃ ከ2011 ጀምሮ እስከ 50 በመቶ ከኬሮሲን ጋር እንዲቀላቀል ተፈቅዶለታል። ይህን ደረጃ ያሟላ ነዳጅ የትኛውም አገር አየር ማረፊያ ላይ ነዳጅ ነው። አብራሪው ታንከሩ ውስጥ ያለው በማን ደንብ እንደተሠራ አይጨነቅም። አውሮፕላን እንዳይወድቅ ሲባል ዓለም በአንድ ሚዛን ተስማማ። የካርቦኑ ሒሳብ ላይ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ የራሱን ሚዛን ከቤቱ ይዞ መጣ። ምክንያቱ ሳይንስ ቢሆን ኖሮ እንታገሥ ነበር። ሳይንሱ ላይ እውነተኛ ክርክር አለ፤ የመሬት አጠቃቀም ለውጥን መገመት ከባድ ነው፣ አዋቂዎች በቅንነት ይለያያሉ። የአሜሪካ በቆሎ አምራችን ወይም የአውሮፓ ገበያን መጠበቅ ግን ሳይንስ አይደለም።

በሽታው የአውሮፕላን ነዳጅ ብቻም አይደለም። ሃይድሮጅን ላይ ጃፓን ዝቅተኛ ልቀት የምትለው በኪሎ ከ3.4 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በታች ሲሆን ነው፤ እንግሊዝ 2.4 አካባቢ ላይ አስምራለች፣ አሜሪካ 4 ላይ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ2023 የጋራ የስሌት ዘዴ አውጥቷል፤ ጥሩ ጅምር ነው፣ ግን ዘዴው ወሰኑን አይነካም። መርከቦች ላይ የሆነው ደግሞ ያሳዝናል። የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት አባላት በኤፕሪል 2025 የጋራ የነዳጅ ልቀት ደንብና የልቀት ክፍያ ላይ ተስማምተው፣ በኦክቶበር ሎንዶን ላይ ሊያጸድቁት ተሰብስበው፣ በ57 ለ49 ድምፅ ለአንድ ዓመት አራዘሙት። የዓመታት ድርድር በአንድ የድምፅ አሰጣጥ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ስብሰባው ግን አልቆመም። በኖቬምበር 2023 ዱባይ ላይ የአቪዬሽን ሚኒስትሮች በ2030 የዓለም አቀፍ በረራ ነዳጅ የካርቦን መጠን 5 በመቶ እንዲቀንስ ግብ አስቀመጡ። ሳምንት ሳይቆይ እዚያው ዱባይ በተከፈተው የአየር ንብረት ጉባኤ ከ30 በላይ አገሮች የሃይድሮጅን የምስክር ወረቀታቸውን እርስ በርስ ለመቀበል እንደሚሠሩ ፈረሙ። በ2025 ብራዚል ቤሌም ላይ ደግሞ ዘላቂ ነዳጅን በ2035 አራት እጥፍ የማድረግ ቃል ተገባ። የአራት እጥፉ ቃል መልካም ነው፤ ከምን ተነስቶ አራት እጥፍ እንደሚሆን ሁሉም በአንድ ሚዛን እስካልቆጠረ ድረስ ግን ማን ያረጋግጠዋል? በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ቁጥር መሠረት በ2024 የተመረተው ዘላቂ የአውሮፕላን ነዳጅ 1 ሚሊዮን ቶን ያህል ነበር፤ ከዓለም የጄት ነዳጅ ምርት 0.3 በመቶ። ፋብሪካ የሚተክል ሰው ብድሩን የሚከፍለው በ15 እና በ20 ዓመት ነው። ምርቱን የትኛው ገበያ እንደሚቀበለው፣ ደንቡም በሚቀጥለው ምርጫ ይለወጥ እንደሆነ ሳያውቅ ማን ገንዘቡን ያወጣል?

ዋጋውን የምንከፍለው ግን አሁኑኑ ነው። የአውሮፓ ደንብ ከ2025 ጀምሮ በአየር ማረፊያዎቿ የሚቀርበው ነዳጅ 2 በመቶ፣ በ2030 6 በመቶ፣ በ2050 70 በመቶ ዘላቂ ይሁን ይላል። ከዚያ የሚነሳ አየር መንገድ ርካሹን ነዳጅ ከአገሩ ጭኖ እንዳይመጣም ከሚያስፈልገው ቢያንስ 90 በመቶውን እዚያው እንዲቀዳ ያዝዛል፤ የአየር መንገዱን ባንዲራ አይለይም። ይህ ነዳጅ ከኬሮሲን ቢያንስ እጥፍ ይወደዳል። አንዳንድ የአውሮፓ አየር መንገዶች ለዚህ ብለው ቲኬት ላይ ክፍያ ጨምረዋል። ከሮም፣ ከስቶክሆልም ወይም ከፍራንክፈርት ለገና ለመግባት ቲኬት የሚቆርጡት ወገኖቻችን ያንን ዋጋ እየከፈሉ ነው። ያ ገንዘብ በከፊል እንኳ ወደ ደጋው ገበሬ ቢመለስ ማንም አያማርርም ነበር። ዘሩ የእሱ፣ ቲኬቱ የልጁ፤ ገበያው ግን የሌላ ሆነ።

እና ምን ይደረግ? የጠየቅነው ብዙ አይደለም። ብራስልስ፣ ሎንዶንና ዋሽንግተን ወሰናቸውን እንደ ፍላጎታቸው ያስቀምጡ፤ 40 ያለው 40፣ 65 ያለው 65 ይበል፤ ያ የፖለቲካ ውሳኔያቸው ነው። የሚቆጠርበት ዘዴ ግን አንድ ይሁን። አንድ ማሳ አንዴ ከተለካ፣ አንድ ማኅበር አንዴ ከተመረመረ፣ ያ ምርመራ ሁሉም ጋ ይሥራ። በኮርሲያ የታወቁት የምስክር ወረቀት ሰጪዎች የአውሮፓንም ምስክርነት እየሰጡ ነው፤ ያው ድርጅት፣ አንዳንዴም ያው መርማሪ፣ ሁለት የተለያየ ፋይል ይዞ አንድ ማሳ ላይ የሚቆምበት ምክንያት ምንድን ነው?

ለራሳችንም የምለው አለ። በ2027 የሚጀምረው የኮርሲያ ግዴታ ምዕራፍ በዕድገት ወደኋላ የቀሩና ወደብ አልባ አገሮችን፣ ወደው ካልገቡ በስተቀር፣ አያስገድድም። አያስገድደንም ብለን ከቀረን ግን ሰንጠረዡ ያለ እኛ ይሞላል። የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤታችን፣ ግብርና ሚኒስቴርና የደረጃዎች ኢንስቲትዩት አንድ ላይ ተቀምጠው የኢትዮጵያን ጎመን ዘር የሚመለከት ቁጥር በራሳችን ማሳ ልኬት ያዘጋጁ፣ ለሞንትሪያልም ያቅርቡ። ብራስልስ በምትጽፈው ሐረግ ውስጥ የዕድገት ወቅትን ብርድ ብቻ ሳይሆን ዝናብም እንደሚያሳጥረው እንዲገባ ይከራከሩ፤ የበልግን፣ የመኸርንና በጥቁር አፈር የምትቀረውን እርጥበት ነገር ከሆለታና ከደብረ ዘይት ተመራማሪዎች የተሻለ የሚያስረዳ የለም። ያ ሐረግ እስኪስተካከል ድረስ ጎመን ዘር እንዝራ ብለው ለሚጠይቁን ማኅበራት የምንሰጠው መልስ የለንም፤ ገዢው በየትኛው ደንብ እንደሚቀበላቸው ሳይታወቅ ዝሩ ብሎ የጉሎውን ታሪክ መድገም ግን አይሆንልንም።